ዩኒቨርሲቲ ልግባ ወይስ ካምፓኒው ይሻለኛል ላልሽኝ እህቴ

መልእክትሽን ሌሎችም እንዲረዱት ባጭሩ ላስቀምጠው። ሽምብጥ ነው የምትኖሪው፣ በሀይድሮሊክስ ማስተርስ አለሽ፣ አንድ ኮንሰልቲንግ ካምፓኒ ውስጥ ሁለት አመት ሰርተሻል፣ አሁን ደሞ እዚሁ ባህር ዳር ለሌክቸረርነት ተወዳድረሽ አልፈሻል። መርዓዊ ያሉት አባትሽ ራሳቸውም መምህር ስለሆኑ «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች» ለማለት ቸኩለዋል። የተለያየ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ጓደኞችሽ ደግሞ «ተይ አትሞኚ፣ ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም፣ ስብሰባው አያልቅም፣ ማን ምን እንደሚወስን እንኳ አይታወቅም» እያሉሽ ነው። አንቺም «ማንን ልስማ?» አልሽኝ።

እኔም ወደዚህ ስራ ከመምጣቴ በፊት ስድስት አመት አስተምሬያለሁ፣ የት እንደሆነ ይቅርብኝ። አባትሽም ጓደኞችሽም እውነታቸውን ነው፣ ግን ሁለቱም ስለ ተሳሳተው ነገር እያወሩሽ ይመስለኛል።

ከደመወዙ እንጀምር፣ እሱ ቶሎ ያልቃል። ማስታወቂያው ላይ የምታይው ቁጥር እጅሽ የሚገባው ቁጥር አይደለም፣ ይሄን ካምፓኒም ውስጥ ስላለሽ ታውቂዋለሽ። ለስሌት እንዲመች 20,000 ብር እንበል። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሰረት የመጀመሪያው 2,000 ከግብር ነፃ ነው፣ ከዛ 15፣ 20፣ 25፣ 30 እያለ ይወጣና ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል፣ ተደምሮ 4,950 ብር ይሆናል። ጡረታ 7 በመቶ ማለት 1,400 ብር። ቀሪው 13,650። በዚህ ላይ የቤት ኪራይሽን ቀንሺና ራስሽ ፍረጂ። መስከረም 2018 ላይ የመንግስት ሰራተኛ ደመወዝ ሲሻሻል ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000፣ የዲግሪ ጀማሪ ደሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ገብቷል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ በኋላ ገበያው የት እንደደረሰ አንቺም ዘይት ስትገዢ ታይዋለሽ። በ2015 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ስራ እስከ ማቆም ጥሪ የደረሱት በቅንጦት አልነበረም። ስለዚህ ጓደኞችሽ ደመወዙ ላይ አልዋሹሽም፣ ካምፓኒው የተሻለ ከከፈለሽ ይከፍልሻል፣ አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ማንም ያልነገረሽ ነገር ደመወዙን የሚወስነው አካልና ኑሮሽን የሚወስነው አካል የተለያዩ መሆናቸው ነው። የደመወዝ ስኬሉ ከላይ ከፌደራል መንግስት ነው የሚመጣው፣ የዲፓርትመንት ሀላፊሽም ዲንሽም ፕሬዚዳንቱም ቢያዝኑልሽ አንድ ሳንቲም አይጨምሩልሽም። ግን ስንት ኮርስ እንደምትይዢ፣ ኤክስቴንሽን (የማታና የእረፍት ቀን ትምህርት) እና ክረምት ላይ ማን እንደሚመደብ፣ ኦቨርሎድሽ (ከመደበኛው በላይ ያስተማርሽበት ክፍያ) መቼ እንደሚፈረም፣ ለፒኤችዲ መቼ ተራ እንደሚደርስሽ፣ እድገትሽ ስንት ወር እንደሚተኛ፣ ይሄ ሁሉ የሚወሰነው እዛው ታች ዲፓርትመንት ካውንስል፣ ከዛ አካዳሚክ ካውንስል፣ አንዳንዱ ደሞ ፕሬዚዳንቱ በሚሰበስበው ሴኔት ነው። ጓደኞችሽ «ማን እንደሚወስን አይታወቅም» ያሉት እዚህ ጋ ነው የተሳሳቱት፣ ይታወቃል፣ የሴኔት ሌጂስሌሽን የሚባል የዩኒቨርሲቲው የውስጥ ደንብ፣ ወፍራም ዶክመንት አለ፣ ችግሩ መምህሩ የሚያነበው ከተጣላ በኋላ መሆኑ ነው።

የራሴን ልንገርሽ። ሁለተኛ አመቴ ላይ የዲፓርትመንት ስብሰባ ላይ ተነስቼ ስለ ደመወዝ ስናገር ጭብጨባው ለብቻው ነበር፣ ፊርማ አሰባሰብኩ፣ ሰው ኮሪደር ላይ «ጀግና» ይለኝ ጀመር። በዛው ወራት የእድገት ፋይሌ አካዳሚክ ካውንስል ደርሶ አንድ የተማሪዎች ግምገማ ፎርም ጎደለው ተብሎ ተመልሶ አንድ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር፣ እኔ ደሞ አልጠየቅኩም፣ ስብሰባ ላይ ነበርኩ! ኦቨርሎዴም ፎርሙ በሰአቱ ስላልተፈረመ ሰባት ወር ዘገየ። ፔቲሽኑ የጨመረልን ነገር አልነበረም፣ መሳቢያው ግን አንድ አመት በላኝ። ስለ ደመወዝ አትናገሪ ማለቴ አይደለም፣ መናገር ያለበት የመምህራን ማህበሩ ነው፣ አባል ሁኚና በማህበሩ በኩል ተናገሪ፣ ያንቺን ፋይል ግን ካንቺ በቀር የሚከታተለው የለም። ደሞ ምንም ነገር በቃል አትጠይቂ። በደብዳቤ አድርጊው፣ መዝገብ ቤት አስገቢና ቁጥርና ማህተም ያለበት ኮፒ ለራስሽ አስቀሪ፣ ስብሰባ ላይ የተባለ ነገር ቃለ ጉባኤ ላይ ካልሰፈረ እንዳልተባለ ቁጠሪው።

ስለዚህ ጥያቄሽ «ዩኒቨርሲቲ ወይስ ካምፓኒ» መሆኑ ይቅርና «ይሄ ዲፓርትመንት እንዴት ነው የሚተዳደረው» ይሁን። እንዴት ታውቂያለሽ? የዲፓርትመንት ሀላፊውን ብትጠይቂው ጥሩ ጥሩውን ነው የሚነግርሽ፣ አይፈረድበትም፣ ሰው ፈልጎ ነው። በእድሜ ትንሹን መምህር ፈልጊና ላውንጅ ቡና ጋብዢው፣ ኤክስቴንሽን ኮርስ በተራ ነው የሚደርሰው ወይስ ሁሌ ለነዛው ሶስት ሰዎች ነው በይው። ካንቺ በፊት የተቀጠሩት ስንት አመት ቆይተው ለፒኤችዲ ሄዱ? ስንት ሰው ትምህርት ላይ ነው? ይሄ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል ግን ከባዱ ነው፣ ምክንያቱም ከአስራ ምናምን መምህር ግማሹ ትምህርት ላይ ከሆነ የነሱን ኮርስ የምትሸከሚው አንቺ ነሽ። ከዛ ጸሐፊዋ ጋ ግቢ፣ ዲፓርትመንት ውስጥ ከጸሐፊዋ የሚያመልጥ ነገር የለም፣ ኦቨርሎድ ስንት ወር እንደሚዘገይ ከሷ በላይ የሚያውቅ ካለ ፋይናንስ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ላንቺ ሙያ በተለይ። ሀይድሮሊክስ ተምሮ ባህር ዳር ማስተማር ሌላ ከተማ እንደማስተማር አይደለም። ዓባይ ከጣና የሚለቀቅበት የጨራጨራ ግድብ እዚሁ ደጅሽ ነው፣ ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው በዚሁ ሀይቅ ውሃ ነው፣ አባትሽ ያሉበት መርዓዊ ደሞ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የታቀደው የቆጋ መስኖ ግድብ አጠገብ ነው። እንቦጩን ሳንቆጥር ማለት ነው፣ እሱማ ላንድ ትውልድ የሚበቃ ርእስ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከሪሰርች ዩኒቨርሲቲዎቹ አንዱ ተብሎ ስለተመደበ ፕሮፖዛል መጻፍ ለሚችል ሰው በር አለ። ካምፓኒ የሰራሽበት ሁለት አመትም ማስተርሱን ጨርሶ በቀጥታ ከገባው ልጅ ይለይሻል፣ ሳይት ታውቂያለሽ፣ ቢል ኦፍ ኳንቲቲ (የስራ መጠን ዝርዝር) ታውቂያለሽ። ባለፈው ሀይቁ ዳር ቀረሶ ዓሳ እየበላን አንድ የድሮ ባልደረባዬ «ደመወዜ ለኪራይ ነው፣ የምኖረው በፕሮጀክት ነው» አለኝ፣ ይሄ ሁሉም ሰው ጋ አይሰራም፣ ታሪክ ወይ ቋንቋ የሚያስተምር ሰው ይሄን እድል አያገኝም፣ አንቺ ጋ ግን ይሰራል።

ደሞ ወደፊት የሚመጣ ነገር አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአዋጅ 1294/2015 ራስ ገዝ ሆኗል፣ ሌሎቹም በየተራ ይሆናሉ ተብሏል። ራስ ገዝ ሲኮን ክፍያን ጨምሮ ብዙ ነገር ከአዲስ አበባ ቢሮዎች ወርዶ ቦርዱ እጅ ይገባል። ያኔ ቦርድ ላይ ማን እንደተቀመጠና ሴኔቱ ምን ያህል እንደሚናገር የኪስሽ ጉዳይ ይሆናል። ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ መጥፎም ሊሆን ይችላል፣ እኔ ግን ስብሰባ የሚዘለው መምህር ያኔ የሚጎዳ ይመስለኛል። አሁን ካምፓኒ ውስጥ ስላለሽ የምትዳኚው በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ እሱን ተሰናብተሽ ወደ ከፍተኛ ትምህርት አዋጁ 1152/2011 ትዞሪያለሽ፣ የፈቃዱም የስንብቱም የቅሬታውም መንገድ ሌላ ነው፣ ሁለቱን አምጥተሽ አንድ ቅዳሜ አንብቢያቸው።

እኔ አንቺን ብሆን ምን አደርጋለሁ ካልሽኝ፣ ኤክስቴንሽኑ በተራ ከሆነና ካንቺ በፊት የገቡት በሶስት በአራት አመት ለፒኤችዲ ከሄዱ እገባለሁ፣ ደመወዙ ቢቀንስም እገባለሁ። ትንሹ መምህር ቡናውን ጠጥቶ ዝም ካለሽ ወይም ዙሪያውን አይቶ ድምፁን ዝቅ ካደረገ ካምፓኒሽ ቆዪና አንድ ሴሚስተር በፓርት ታይም አስተምሪ፣ ብዙ ዲፓርትመንት ቅዳሜና እሁድ ሰው ይፈልጋል፣ ክፍል ውስጥ መቆም ትወጂው እንደሆነም በዛው ታውቂዋለሽ፣ ይሄን እስካሁን ራስሽን የጠየቅሽው አልመሰለኝም፣ መልእክትሽ ውስጥ ስለ ማስተማር አንድ ቃል የለም።

አባትሽን በተመለከተ ግን አንድ ስራ ስጫቸው። ለፒኤችዲ ስትላኪ ተመልሰሽ ይሄን ያህል አመት ታገለግያለሽ የሚል ውል ትፈርሚያለሽ፣ ውሉ ላይ ደግሞ ዋስ ይጠየቃል፣ ዋሱም ብዙ ጊዜ ደመወዝተኛ መሆን አለበት። ባትመለሺ ገንዘቡ ከዋሱ ነው የሚጠየቀው። «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች» ሲሉ «አባባ፣ ዋስ ይሆኑኛል?» በያቸውና የሚሉትን ጻፊልኝ።