ማስተማሩን ትቼ ላም ላርባ ወይ ላልከው መምህር

ሰላም ወንድሜ። «ደጋ ላይ ነው የማስተምረው። ከመምህራን ቁጠባና ብድር ማኅበራችን ተበድሬ ሁለት የወተት ላም ልገዛ አስቤያለሁ። ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ጎን ለጎን ይሆናል?» ነው ያልከው። ከጥያቄህ ሥር «ልቀቅ! በደመወዝ ማን ኖረ?» የሚል መልስ በዝቷል። ይህን የሚሉህ አብዛኞቹ ላም አልበው የሚያውቁ አይመስለኝም። እኔ ሰሜን ሸዋ ውስጥ አሥረኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ጓሮዬ ውስጥ ደግሞ ከአገራችን የቦረና ዝርያና ከፈረንጁ የሆልስታይን ፍሪዥያን ዝርያ የተዳቀሉ ላሞች አሉኝ። ሁለቱም ሥራዎቼ ናቸው፤ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። በረት እንዴት እንደሚሠራ፣ ገለባ እንዴት እንደሚከመር አልነግርህም። የደጋ ሰው ነህ፣ ታውቀዋለህ።

1. ሥራህን አትልቀቅ። ምክንያቱ ጾም ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ላሟ ግን አትጾምም። ያንኑ ድርቆሽ፣ ያንኑ ፉርሽካ፣ ያንኑ ፋጉሎ (የቅባት እህል ዘይቱ ተጨምቆ የቀረውን) ትፈልጋለች። ወተት ተረካቢው «ግማሹን ብቻ አምጣ» ይልሃል፤ ሲብስም ስልክ አያነሳም። ፍልሰታ አለ፣ የገና ጾም አለ፣ በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ አለ። በእነዚህ ጊዜያት መኖ የሚገዛልኝ የመምህርነት ደመወዜ ነው። ሌላ ገቢ የሌለው አንድ ጎረቤቴ ሁዳዴ አጋማሽ ላይ ለላሙ መኖ ለመግዛት ያረገዘች ጊደሩን ሸጠ። እስካሁን ሲያነሳው ያመዋል። እኛ ቤት የጾሙን ወተት ቅቤ እያደረግን ለፋሲካ እናቆየዋለን፤ ኪሳራውን ባያጠፋውም ያቀልለዋል።

ወሊዱንም ከጾሙ ጋር አስማማ። ላም ወተቷ የሚበዛው ከወለደች በኋላ ባሉት ሁለት ወራት ውስጥ ነው። እርግዝናዋ 280 ቀን ገደማ ይወስዳል። ሐምሌ 10 የተዳቀለች ላም ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ትወልዳለች ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ተማሪዎቼም ያውቁታል። ጳጉሜን የዘለለ ልጅ መልሱ በአምስት ቀን ይዘገያል፤ ያኔ ክፍሉ በሙሉ «ጥጃው ተወልዷል!» ብሎ ይጮህበታል።

2. የምትታለብ ላም ከገበያ አትግዛ። ክበድ (ያረገዘች) ጊደር ግዛ፤ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊትም እርግዝናዋን ባለሙያ በእጁ ይመርምርልህ። የምትታለብ ካልሆነች አልፈልግም ካልክ ደግሞ ሻጩ ቤት ሂድ። ማታ ስትታለብ እይ፣ በማግስቱ ጠዋትም ስትታለብ እይ። ገበያ ላይ ጡቷ ተወጥሮ የምታያት ላም ሳትታለብ ያደረች ልትሆን ትችላለች። ከጎኗ ያለው ጥጃም የእሷ ላይሆን ይችላል። ደላላው ይምላል፤ አንተ ግን ባልዲውን እመን። የፈረንጅ ዝርያ ደም መጠን ላይም አትጓጓ። 75 በመቶ የፈረንጅ ደም ያላት ላም ወተቷ ቢያምርም አመጋገቧንና ሕክምናዋን ካላሟላህላት ትጎዳለች። ለእንደኛ ዓይነቱ አቅም 50 በመቶ ይበቃል፤ የቦረና ወገኗ ችግር ይችላል።

3. ከላሟ በፊት አዳቃይ ባለሙያ፣ ማለትም የኮርማ ዘር በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚሰጥ ሰው፣ ፈልግ። ከዚህ ሁሉ አንዷን ብቻ ያዝ ብትለኝ ይህችን ነው የምልህ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው።

ቡሬ የምንላት ላም አለችን። ከወለደች ሁለት ወር አልፏት አንድ ዓርብ ማታ ድራት (ኮርማ የመፈለግ ምልክት) ታየባት። ታገሳለች፣ መኖዋን ትታ ትንቆራጠጣለች፣ ሌላ ጊደር ስትወጣባት ቆማ ትቀበላለች። ከኋላዋ እንደ እንቁላል ነጭ የጠራ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወርዳል። ሕጉ ቀላል ነው፤ ጠዋት ካየህ ማታ ታስዳቅላለህ፣ ማታ ካየህ በማግስቱ ጠዋት። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት መዳቀል ነበረባት። ወደ መንግሥት ጽሕፈት ቤቱ አዳቃይ ደወልኩ። «ቅዳሜና እሑድ አንሠራም፣ ሰኞ ና» አለኝ። ሰኞ ድራቱ አልፏል። ያም ሆኖ ለቀጣዩ ዙር ለመመዝገብ ብዬ ሰኞ በእረፍት ሰዓቴ ሄድኩ። እጄ ላይ ጠመኔ ነበረ። ኃላፊው ቀና ብሎ ሳያየኝ «ናይትሮጅን አልቋል» አለኝ። የኮርማው ዘር ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ካልተቀመጠ እንደሚበላሽ አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ የማስተምረው። «መቼ ይመጣል?» ብዬ በትሕትና ጠየቅኩት። «አንተ አስተማሪ ነህ እረኛ? አንዱን ምረጥና ሌላውን ተወው» አለኝ። ወረፋ የያዙ ገበሬዎች ይሰሙ ነበር። ከመካከላቸው ልጆቻቸውን ያስተማርኩላቸው ነበሩበት። አንዱ አባት ተነሥተው «መምህራችንን እንዲህ አትናገር» አሉት። እሳቸውን አልረሳቸውም።

አሁን ይህን ልብ በል። የላም ድራት በአማካይ በ21 ቀን ይመላለሳል። 21 ቀን ማለት ልክ ሦስት ሳምንት ነው። ቅዳሜ መዳቀል የነበረባት ላም ቀጣዩ ዙሯም ቅዳሜ አካባቢ ላይ ይወድቃል። ከ18 እስከ 24 ቀን ወዲያና ወዲህ ይላል እንጂ ካመለጠህ መልሶ መላልሶ የሚጥልህ ቢሮው በሚዘጋበት ቀን ላይ ነው። የቡሬም እንዲሁ ሆነ። አንዱ ዙር ቅዳሜ፣ ሌላው የበዓል ዋዜማ። በየዙሩ የሦስት ሳምንት መኖ ይከስራል፣ ጥጃውም ይዘገያል፣ ወተቱም እየቀነሰ ይሄዳል። እሷ ምንም አላጎደለችም፤ ሰዓቷን ጠብቃ ተጣርታለች። የጎደለው ሰው ነው። አሁን ድረስ ሳስበው ይቆጨኛል።

«ለምን የመንደር ኮርማ አላስጠቃሃትም?» ያሉኝ ነበሩ። ከመንጋ መንጋ የሚዞር ኮርማ ውርጃ የሚያመጣ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ያ በሽታ በጥሬ ወተት ወደ ሰውም ይተላለፋል። ደግሞ ያ ኮርማ የማን ልጅ እንደሆነ አይታወቅም፤ የራሷን ወንድም ልታገኝ ትችላለች። ስለ ዘር እያስተማርኩ ይህን ማድረግ አልችልም።

ያደረግኩት ሌላ ነው። ከሰፈሩ ላም አርቢዎች ጋር ተሰብስበን ደብዳቤ ጻፍን። ደብዳቤው ስድብ የለበትም። እያንዳንዱ አርቢ ላሙ ድራት ያሳየችበትን ቀን፣ የደወለበትን ሰዓትና የተሰጠውን መልስ በሰንጠረዥ አስቀመጠ። ሰንጠረዡን ያዘጋጁት ልጆቻቸው ናቸው፣ የእኔው ተማሪዎች። ከበላይ አካል ሰው መጥቶ ሲያየው የሚከራከርበት ነገር አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ባለሙያዎቹ የቅዳሜና የእሑድ ተራ ወጣላቸው። ይህን ሳስብ እኮራለሁ፤ ከሰፈራችን አልፎ ሌላውም ቀበሌ ተጠቅሞበታል። ቡሬም አርግዛ ወለደች። አንተ ግን ይህን ሁሉ መጠበቅ የለብህም። በግሉ የሚሠራ፣ ዕቃው የተሟላ፣ በዓልም ቢሆን የሚመጣ አዳቃይ ካሁኑ አግኝ። ከመንግሥቱ ይልቅ ያስከፍላል፤ የሦስት ሳምንት መኖ ግን ከእሱ ይበልጣል። በረቱ በር ላይ ደብተር በገመድ አንጠልጥል። ድራት የታየበት ቀንና ሰዓት፣ የተዳቀለችበት፣ የኮርማው ቁጥር። ከተዳቀለች ከ18ኛው ቀን ጀምረህ ጠዋትና ማታ ቆመህ ተመልከታት።

4. የአለባ ሰዓት። እኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እናልባለን፣ ከዚያ ከቀኑ 11 ሰዓት። ትምህርት ቤት 2 ሰዓት ስለሚገባ ይመቻል። አለባውን ለተቀጣሪ ብቻ አትተው። ከማለብህ በፊት ከእያንዳንዱ ጡት የመጀመሪያዎቹን ጭማቂዎች ጥቁር ኩባያ ላይ አውጣ። ጥቁር የሆነበት ምክንያት ነጭ ነገር እንዲታይበት ነው። እንደ እርጎ የረጋ ጓል ካየህ የጡት በሽታ ጀምሯል፤ ያቺን ላም መጨረሻ እለብና ሐኪም ጥራ። መድኃኒት እየወሰደች ያለችን ላም ወተት ደግሞ ሐኪሙ የነገረህ ቀን እስኪያልፍ አትሽጥ። የሰው ልጅ ነው የሚጠጣው።

የእኛ አገር ውርጭም አለ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የተወለደ ጥጃ ደረቅ ገለባ ተነጥፎለት ነፋስ ከማይገባበት ካላደረ ሳንባው ይመታል። እንገሩን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አጠጣው፤ «ይረፍ፣ ነገ ይጠባል» የሚልህን አትስማ። በሽታ የሚከላከልበትን ነገር የሚያገኘው ከዚያ ነው፤ ሰዓቱ ካለፈ አንጀቱ አይቀበለውም። ድርቆሽህን ኅዳር ላይ ግዛ፤ ግንቦት ላይ ዋጋው አይቀመስም። የሻገተ ፋጉሎ በነፃ ቢሰጡህም አትውሰድ። መርዙ በወተቱ በኩል ወደ ልጆች ይገባል።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ላሞቹ ማስተማሬን አልጎዱትም። የዝርያ ውርስን ሳስተምር ሰሌዳው ላይ የአተር አበባ ብቻ አልሥልም፤ የቡሬንና የልጇን ቀለም እናወዳድራለን። የሚያመሰኩ እንስሳትን ስናጠና ልጆቹ በረቱ አጠገብ ቆመው ላሟ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምታላምጥ ይቆጥራሉ። አንዷ ተማሪዬ ዛሬ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ላሞቼን እሷ ነች የምታክመው። ላሞቹ ከመጡ ወዲህ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ዘግይቼ አላውቅም። ላም ምጥ በያዛት ቀን እንኳ ባለቤቴና ጎረቤት ከላሟ ጋር ይሆናሉ፣ እኔ ክፍል እገባለሁ። ስለዚህ በረቱን ከትምህርት ቤትህ ብዙ አታርቀው፤ ከቤተሰብህም ቢያንስ አንድ ሰው ሥራውን ወዶ ይግባበት። ያ ሰው ከሌለህ ሁለት ላም አይሆንህም፣ በአንድ ጀምር።

ብድሩን ከመፈረምህ በፊት የመክፈያው ወር መቼ እንደሚጀምር አጣራ። የካቲት ላይ ከሆነ ሁዳዴ ላይ ይወድቅብሃልና ወደ ግንቦት እንዲገፉልህ ጠይቅ። ጊደር ካየህም ከጎንና ከኋላ ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ላክልኝ፤ የጡቷን አቀማመጥና የኋላ እግሯን አቋም አይቼ የመሰለኝን እነግርሃለሁ።