በቀን 20 ቃል ለምታጠናው የድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር እህታችን

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። በቀን 20 የእንግሊዝኛ ቃል፣ ለሦስት ወር፣ 1,800 ቃል በደብተር ሰፍሯል፤ ለአይኤልትስ፣ ማለትም ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው፣ አራት ወር ቀርቶሻል፤ ለመጻፍ ስትቀመጪ ግን አንዱም ብቅ አይልም። «ደብተሩን ልጣለው ወይ?» ነው ያልሽው። ወደ ደብተሩ እመለሳለሁ። እዚሁ ድሬ ብዙ ልጅ የተቃጠለው በዚሁ ነው፣ እኔም አለሁበት፤ ስለዚህ ጭንቅላቴ አይቀበልም እያልሽ ራስሽን አትውቀሺ። ችግሩ አጠናኑ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ቁጥሩን አውርጂው። በቀን 7 አዲስ ቃል፣ በሳምንት 6 ቀን፤ ሰባተኛው ቀን ለክለሳ ብቻ። አነሰብሽ አይደል? ሒሳቡን እዪው። አንድ ቃል እንዲጸና ጊዜው እየተራራቀ አምስት ጊዜ ያህል መጠየቅ አለበት። እያንዳንዱን ቃል በአንድ ካርድ ላይ ብትጽፊ፣ በ7 አዲስ ቃል የየቀኑ ክለሳ ወደ 35 ካርድ ይሆናል፤ የተሳሳትሻቸው ሲመለሱ 45 ቢደርስ ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በ20 ከሆነ ክለሳው ብቻ ከ100 ካርድ ያልፋል። ይሄን ከሥራ ጋር ችሎ የሚዘልቅ የለም። ሰው ክለሳውን ይተውና አዲስ ቃል መገልበጡን ይቀጥላል፤ ደብተሩ ይወፍራል፣ የሚታወሰው ግን እዚያው ነው። ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ራሱ ላይ ሞክሮ እንዳሳየው፣ ያልተከለሰ ነገር አብዛኛው የሚጠፋው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው።

ካርዶቹን ለመሥራት ኤ4 ወረቀት ለስምንት ቁረጪ፣ የጫማ ካርቶን ውስጥ አምስት ክፍል አውጪ። አንደኛው ክፍል በየቀኑ፣ ሁለተኛው በየ2 ቀን፣ ሦስተኛው በየ4፣ አራተኛው በየ8፣ አምስተኛው በየ16 ቀን ይታያል። ያወቅሽው ካርድ ወደ ቀጣዩ ይሻገራል፤ የሳትሽው ከየትኛውም ክፍል ይሁን ወደ አንደኛው ይመለሳል። በስልክ ከመረጥሽ አንኪ የሚባለው መተግበሪያ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ አንድሮይድ ላይ በነፃ ነው፣ አይፎን ላይ ይከፈልበታል። ሲጫን ግን በቀን 20 አዲስ ካርድ ላይ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ ገብተሽ 7 አድርጊው።

ሁለተኛው ነገር ዋናው ነው፤ የሦስት ወር ልፋትሽን የበላው እሱ ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል፣ እኩል ይሆናል፣ አንድ የአማርኛ ቃል ብሎ መጻፍ። በላክሽው ፎቶ ላይ «አሊቪዬት = ማቃለል» የሚል አየሁ። አቦ፣ ይሄ ቃል ስንት ሥራ እንዳለው አስቢው። ድህነትን ማቃለል አለ፣ አሠራርን ማቃለል አለ፣ ሰውን ማቃለልም አለ። እንግሊዝኛው ለሦስቱም የተለያየ ቃል አለው፦ ለድህነትና ለሕመም አሊቪዬት፣ ለአሠራር ሲምፕሊፋይ፣ ለሰው ቢሊትል። የአደጋን ጉዳት ማቃለል ከሆነ ደግሞ ሚቲጌት ይመጣል። አንቺ የያዝሽው «ማቃለል»ን ብቻ ነው፤ ስለዚህ አለቃው ሠራተኛውን ናቀው ለማለት አሊቪዬት ብለሽ ትጽፊያለሽ። «ማሳደግ»ም እንዲሁ ነው፦ ልጅ ከሆነ ሬይዝ፣ ደሞዝ ከሆነ ኢንክሪስ፣ ሠራተኛ ከሆነ ፕሮሞት፣ ጥራት ከሆነ ኢንሃንስ።

ስለዚህ የካርዱ ፊት ላይ ሙሉ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፤ የቃሉን ቦታ ባዶ ተዪ፣ ከሥሩ የዚያን አገባብ ትርጉም በአማርኛ አድርጊ። በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ቀድሞ የሚመጣልሽ ከሆነ በዚያው ጻፊው፤ የድሬ ልጅ ይሄ ሀብት አለው። ዓረፍተ ነገሩ ስለምታውቂው ነገር ይሁን። ለሚቲጌት የ1998 ዓ.ም.ን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ አስቢና ጉዳቱን ሊያቃልል ስለሚችል መከላከያ ጻፊ፤ ያ ቃል ከእንግዲህ አይጠፋሽም። ጀርባው ላይ ቃሉን፣ አብረውት የሚሄዱ ሦስት ቃላትን፣ ዘመዶቹንና ሲጠራ የሚጠነክረውን ክፍለ ድምፅ አስፍሪ። ይሄ የመጨረሻው አማርኛ ተናጋሪን ነው የሚጎዳው፣ ምክንያቱም እኛ ክፍለ ድምፆቹን እኩል ነው የምንጠራቸው። አናላይዝ መጀመሪያው ላይ ይጠነክራል፣ አናሊሲስ ሁለተኛው ላይ፣ አናሊቲካል ሦስተኛው ላይ። ቦታው ከተሳተ ቃሉን እያወቅሽው ፈታኙ ላይሰማሽ ይችላል።

መልካቸው የሚመሳሰል ወይም ትርጉማቸው የሚቀራረብ ቃላትን ደግሞ በአንድ ቀን አታጥኚ። አዳፕትና አዶፕት፣ ኢኮኖሚክና ኢኮኖሚካል አብረው ከገቡ አብረው ይምታታሉ። ሚቲጌትና ሚሊቴትም እንደዚያው፤ ሁለተኛው አጌንስትን ያስከትላል፣ የመጀመሪያው አያስከትልም። አንዱ ሦስተኛው ክፍል ሳይደርስ ሌላውን አታምጪው።

የትኞቹን ቃላት ላልሽው፣ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ «ከባድ ቃላት» ተብሎ የሚሸጠውን ጥራዝ ተዪው። እዚህ ላይ ከልቤ ነው የምናደደው። ለአሜሪካ ድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ከተሰበሰበ የብርቅ ቃላት ዝርዝር ተገልብጦ ነው ለአይኤልትስ ተማሪ የሚሸጠው፤ ልጆች የትራንስፖርት ገንዘባቸውን ይከፍሉበታል። አቬሪል ኮክስሄድ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ኒውዚላንድ ውስጥ ያወጣችውን የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር ከኢንተርኔት አውርጂ። 570 የቃል ቤተሰብ (አናላይዝ፣ አናሊሲስና አናሊቲካል እንደ አንድ ተቆጥረው) በ10 ክፍል ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል በብዛት የሚያጋጥመው ነው፣ ከእሱ ጀምሪ። ከትምህርታዊ ጽሑፍ ቃላት ወደ 10 በመቶ የሚሆነውን ይሸፍናል፤ በልብ ወለድ ውስጥ ግን 1.4 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ቃላቱን መልሰሽ ማግኘት የምትፈልጊ ከሆነ ልብ ወለድ ሳይሆን ሪፖርትና የጋዜጣ ትንታኔ አንብቢ። በሳምንት 42 ቃል ሲሆን ዝርዝሩ በ14 ሳምንት ያልቃል፤ ከአራት ወርሽ ሦስት ሳምንት ያህል ለክለሳ ይተርፋል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ አዲስ ቃል ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሳይነሳ። ክለሳ ማታ ከመተኛትሽ በፊት። በርጫ ላይ ማጥናት የለመዱ ጓደኞች ካሉሽ አትከተያቸው። በምርቃና 50 ቃል የገባ ይመስላል፤ ሌሊቱ ግን ያለ እንቅልፍ ይነጋል፣ የተጠናውን የሚያጸናው ደግሞ እንቅልፍ ነው።

ቅዳሜ ሰዓት ይዘሽ በ40 ደቂቃ ቢያንስ 250 ቃል ጻፊ፤ የፈተናው ሁለተኛ ጽሑፍ ልክ ይሄው ነው። ከሳምንቱ ቃላት አምስቱን ብቻ አስገቢ። በጽሑፍም በንግግርም የቃላት አጠቃቀም የውጤቱ ሩብ ነው፤ ፈታኙ የሚያየው ቃሉ ከጎረቤቶቹ ጋር መስማማቱን ጭምር ነው። በግድ የገባ ብርቅ ቃል ነጥብ ያስቀንሳል።

ምድር ባቡር የሠሩ፣ ፈረንሳይኛ የሚያውቁ አባት ወይም አያት ቤት ውስጥ ካሉ ጠይቂያቸው፤ የእንግሊዝኛ አካዳሚክ ቃል አብዛኛው ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ግን አንዳንዱ ያታልላል፦ ሊብሬሪ በፈረንሳይኛ መጽሐፍ መሸጫ ነው፣ ላይብረሪ በእንግሊዝኛ ቤተ መጻሕፍት።

አሁን ደብተሩ። አትጣዪው፣ ግን ከእሱ ማጥናት አቁሚ። አማርኛውን ብቻ እያየሽ እንግሊዝኛውን ሸፍኚና በቃል ዓረፍተ ነገር ሥሪበት። የሠራሽበትን ሰርዢው፣ ያ ያንቺ ነው። ያቃተሽን የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ድረ ገጽ ላይ ፈልጊ፣ በነፃ ነው፤ በቃሉ አጠገብ ደረጃውን የሚያሳይ ቢ2 ወይም ሲ1 የሚል ምልክት ካለው ወይም ከ570ው አንዱ ከሆነ ካርድ ይውጣለት። የቀረውን እዚያው ተዪው። በቀን አንድ ሰዓት ስጪው፤ ከካርዶቹ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ሰኞ ጠዋት አንደኛው ክፍል ውስጥ አስገቢ።