ከመቶ በላይ የተከተበ ቀበሌ

ይድረስ ዘንድሮ ተመርቃችሁ ወደ ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ ለምትወጡ ልጆቼ። ነርሶች፣ ጤና መኮንኖች፣ ሪፖርት የምታጠናቅሩ የመረጃ ባለሙያዎችም ጭምር።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በጣና ዙሪያ ወረዳዎች በክትባት ሥራ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ ባሕር ዳር ተቀምጫለሁ። ምክር ስጥ ሲሉኝ ብዙ ጊዜ እሸሻለሁ፤ ይህን ግን ሳልነግራችሁ ብቀር ይቆጨኛል።

ሥራ እንደጀመራችሁ ከመቶ በላይ የሆነ አፈጻጸም ታያላችሁ። የቀበሌው ሕፃናት በሙሉ ተከትበዋል፣ እንዲያውም ትርፍ አለ ይላል ወረቀቱ። ትርፉ ልጅ ከየት መጣ? ከዕቅዱ ነው። በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በአንድ ቀበሌ በዓመት ስንት ሕፃን ይወለዳል የሚለው በስሌት ይገመታል። ግምቱ ሲያንስ አፈጻጸሙ ከመቶ ያልፋል። ያልተከተበው ልጅ ደግሞ ከዕቅዱም ከመዝገቡም ውጭ ሆኖ እቤቱ አለ።

ቤት ለቤት ሲጠየቅ ሌላ ነገር ይወጣል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት በአገር ደረጃ ከመቶ 39 ብቻ ነበሩ። አዲስ አበባ 89፣ አፋር 15። አገሩም ክትባቱም አንድ ነው። ናይጄሪያም እንዲሁ ናት፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 በተደረገው ጥናት አናምብራ ግዛት ከመቶ 76 ሲሆን ሶኮቶ 5 ነበር። ሩዋንዳ ደግሞ ሀብታም ሳትሆን ከመቶ 90 በላይ ደርሳለች። ስለዚህ “ድሃ ስለሆንን ነው” የሚላችሁን ሰው ብዙ አትስሙት። ድህነቱማ አለ። ግን ድሃ ጎጥ ውስጥ ሁሉም ልጅ ተከትቦ አይቻለሁ። እዚሁ ከተማ፣ ትልልቅ ሆቴሎች አጥር ሥር፣ የክትባት ካርድ ወጥቶለት የማያውቅ ልጅም አይቻለሁ።

እና የመጡትን ቆጥራችሁ አትተኙ። ማን ቀረ፣ ለምን ቀረ በሉ። በየወሩ ሪፖርታችሁ ላይ ማንም ያልመጣበትን ጎጥ ስም ጨምሩ። ፎርሙ ላይ ቦታ ከሌለ ከጀርባው ጻፉት።

ለምን ቀረ ሲባል ቶሎ የሚመጣው መልስ “የግንዛቤ እጥረት” ነው። ይህቺን ነገር በየስብሰባው ሰምቼ ጠግቤያለሁ። ጥፋቱን እናቲቱ ላይ ለጥፋ ሁላችንንም ነፃ ታወጣለች።

አንድ ነገር በቅርብ ላሳያችሁ። የኩፍኝ ክትባት በዱቄት መልክ ነው የሚመጣው። ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ይደፋል። አንዱ ብልቃጥ ብዙ ጊዜ ለ10 ልጅ ነው፤ የቲቢው ለ20። እንግዲህ አንዲት እናት ከሩቅ ጎጥ በእግሯ መጣች። ልጇን አዝላለች። ካርዱን በፌስታል ጠቅልላ ከጉያዋ ታወጣለች። ባለሙያዋ የቆሙትን ልጆች በዓይኗ ትቆጥርና “ዛሬ ልጅ አልሞላም፤ ሐሙስ ነይ” ትላታለች። ለባለሙያዋ ዶዝ ማትረፍ ነው። ለእናቲቱ የተቃጠለ የሥራ ቀን ነው፤ ቤት የቀሩት ልጆች አሉ፣ የባል ጭቅጭቅ አለ። ሐሙስ አትመጣም። መዝገቡ ላይም “አቋረጠች” ተብላ ትጻፋለች። ማን ነው ያቋረጠው?

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡ ይከፈት ይላል። ብክነት ነው ብሎ የሚቆጣ አለቃ አይጠፋም። ይቆጣ። የተደፋ ክትባት ይተካል። ኩፍኝ ግን ከ100 ልጅ 95ቱ ካልተከተበ መንደር ውስጥ መግቢያ አያጣም።

ሌላው የቀን ነገር ነው። የመጀመሪያው ፔንታ፣ ማለትም አምስት በሽታ በአንድ መርፌ የሚከላከለው ክትባት፣ በ6ኛው ሳምንት ነው፣ ሁለተኛው በ10ኛው፣ ሦስተኛው በ14ኛው። በእኛ አካባቢ ገጠር ላይ ደግሞ አራስ እስከ ክርስትናው ከቤት የማትወጣበት ቤት አለ። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሳሉ። እስቲ ደምሩት። ወንድ የወለደችው በ42ኛው ቀን ለቀጠሮዋ ትደርሳለች። ሴት የወለደችው ወጉን ጠብቃ ከተቀመጠች ሁለት ቀጠሮ አልፏታል። ሁሉም ቤት እንዲህ ነው አልልም፤ ብዙ ሰው ትቶታል። አጥብቆ የያዘውን ቤት ግን “ኋላ ቀር” ብሎ መቆጣት ምንም አይፈይድም። ወይ እናንተ ሂዱ፣ ወይ ቄሱን ያዙ። አራስ ቤት ጠበል ሊረጩ የሚገቡት እሳቸው ናቸው። ማን እንደወለደች ከመዝገባችሁ ቀድመው ያውቃሉ። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ቃል ጣል ቢያደርጉ የናንተን የወር ቅስቀሳ ታስንቃለች። ሙስሊም ወገኖቻችን ባሉበትም ኢማሙን አትርሱ።

የክትባት ቀን ስታወጡም ሕዝቡ የት እንደሚውል እዩ። በሚካኤል፣ በማርያም ቀን ገበሬው አያርስም፤ እናቶች ሕፃን አዝለው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ገበያው ሌላ ቀበሌ ሆኖ ሳለ በገበያ ቀን ክትባት የሚያወጣ ጤና ኬላ አውቃለሁ። ማን እንዲመጣለት እንደሆነ እንጃ።

ሐይቁማ የራሱ ጣጣ አለው። ደቅ ደሴት ላይ ክትባት የሚደርሰው በጀልባ ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል መቆየት አለበት። የኩፍኙን ክትባት ሙቀት ይገድለዋል፤ ፔንታን ደግሞ በረዶ ያበላሸዋል፣ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ስለዚህ አይስ ፓኩን፣ ውኃ የሞላውን ማቀዝቀዣ ጥቅል፣ ከፍሪዘር እንዳወጣችሁ የክትባት መያዣው ውስጥ አትክተቱት። ወዝወዝ ስታደርጉት ውስጡ ውኃ ሲንቦጫረቅ እስኪሰማ ጠብቁ። ፎገራ ላይ ደግሞ ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ጎጥ ከጎጥ ይቆራረጣል። ለዚያ ከሰኔ በፊት አስቡ።

ከተማ ውስጥ ችግሩ ርቀት አይደለም። ነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ደንገል ቆርጠው ታንኳ እየሠሩ ከሐይቁ ጋር የኖሩ ናቸው። ከተማው ሲሰፋ ከዳርቻው ተገፍተዋል፤ ሰውም ሲጸየፋቸው ኖሯል። በሚጸየፋችሁ ሰው መሀል ተራ ጠብቃችሁ ልጃችሁን ለመርፌ ትሰጣላችሁ? አንዴ ፊት የተነሳች እናት ጤና ጣቢያው መንገድ ማዶ ቢሆንም አትመለስም። ለቀን ሥራ መጥተው ኪራይ ቤት ያሉትም አሉ። በየጊዜው ቤት ስለሚቀይሩ ማንም ዘንድ አልተመዘገቡም። እነሱን የምታውቃቸው አከራያቸው ናት፣ ባለሱቁ ነው፣ ጠላ ሻጯ ናት። እነሱን ጠይቁ።

ጤና ኤክስቴንሽኗንም አክብሩ። ፕሮግራሙ ከተጀመረበት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የየጎጡን አራስ በስም የሚያውቁት እነዚህ ሴቶች ናቸው። ዲግሪ ይዛችሁ ስለመጣችሁ አትኮፈሱባቸው።

ፈልጎ ማግኘት አይቻልም እንዳትሉኝ። ለፖሊዮ ተችሏል። የተከተበ ልጅ ጣት በቀለም ተቀባ፣ የቤቱ በር በጠመኔ ተጻፈበት፣ የተዘለለው ቤት እንደገና ተኬደበት። አፍሪካ ከዋይልድ ፖሊዮ፣ በተፈጥሮ ከሚገኘው የፖሊዮ ቫይረስ፣ ነፃ መሆኗ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ተረጋገጠ። ዘመቻ ግን ያታልላል። በአፉ ሁለት ጠብታ የወሰደ ልጅ “ተከትቧል” ይባልና ፔንታ ሳይነካው ዓመት ይሞላዋል። በዘመቻ ቀን ቤት ስትገቡ ካርዱን አሳዩኝ በሉ። ካርድ ከሌለ ስሙን ጽፋችሁ ውጡ።

ያለፉት ዓመታት ግጭት ነገሩን አክብዶታል። መንገድ ሲዘጋ ክትባቱም ይቆማል። በዚህ ላይ የምመክራችሁ ብዙ የለኝም፤ በቅድሚያ ነፍሳችሁን ጠብቁ። ረገብ ሲል ግን በዚያ መሀል የተወለዱትን ለይታችሁ ፈልጉ። ዓመት አልፎታል ብላችሁ ልጅ አትመልሱ፤ ያመለጠው ዶዝ አብዛኛው ዘግይቶም ይሰጣል። እናቲቱን ለምን ዘገየሽ ብላችሁ አታሸማቅቋት። ማታ ሊያተኩሰው እንደሚችል ንገሯት፣ ቀጠሮዋን ካርዱ ላይ ጻፉላትና ሸኟት።