ደንበኞቹን ይዤ ብወጣ እከሰሳለሁ?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ በአንድ የሂሳብ ሥራ ቢሮ ተቀጥሬ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ደመወዜ 18,000 ብር ነው። አሁን የራሴን ቢሮ ልከፍት ነው። አለቃዬ ግን «የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ካልሰጠህ የሥራ ልምድ አልጽፍልህም» አሉኝ። ውሌ ላይ ደግሞ «ከለቀቀ በኋላ ለሦስት ዓመት በየትኛውም የኢትዮጵያ ክፍል የሂሳብ ሥራ አይሠራም» የሚል አለ። አራት ቡና ነጋዴዎች አብረውኝ ሊወጡ ይፈልጋሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከቀላሉ ልጀምር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ 30 ቀን ነው። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር የሚባለው አሠሪው ሲያሰናብት ነው፤ ብዙ ሰው ይቀላቅለዋል። ደብዳቤዎን በሁለት ቅጂ ይጻፉ፤ አንዱ ላይ ቀን አስጽፈው ያስፈርሙ። ጥለው ቢወጡ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሳ ሊጠየቁ ይችላሉ። የሥራ ልምድ ደግሞ የአሠሪው ግዴታ እንጂ ችሮታ አይደለም።

የሚቀበሉት ገንዘብም አለ። አምስት ዓመት ያገለገለ ሰው በፈቃዱ ቢለቅም የስንብት ክፍያ ያገኛል፤ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ ካልፈረመ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለቀሪዎቹ ለእያንዳንዳቸው የዚያ ሲሶ ይታሰባል። በእርስዎ ሂሳብ 48,000 ብር ገደማ ነው። ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድም ይመነዘራል። አልከፍልም ካሉ ስድስት ወር ሳይሞላ ይክሰሱ፤ የዳኝነት አይከፈልበትም። ይህ ሁሉ ግን በሕጉ ዓይን «የሥራ መሪ»፣ ማለትም እንደ መቅጠርና ማሰናበት ያለ የአመራር ሥልጣን ያለው ሰው፣ ካልሆኑ ነው። ከሆኑ አዋጁ አይመለከትዎትም፤ ውልዎን ይዘው ጠበቃ ያማክሩ።

አሁን ወደ ከባዱ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውልዎ ላይ እንዳለው ያለ ከለቀቁ በኋላ አይሥሩ የሚል ገደብን ጨርሶ አይከለክልም። ግን በጊዜ፣ በቦታና በሥራው ዓይነት የተወሰነ፣ የሠራተኛውን የወደፊት ኑሮ ያላግባብ የማይዘጋ መሆን አለበት። «በየትኛውም የኢትዮጵያ ክፍል» ማለት ሙያህን ተው እንደማለት ነው። እኔ ብከራከርልዎ እዚሁ ላይ ነበር የምቆመው። «ለአንድ ዓመት፣ ጅማ ከተማ ብቻ» ቢል ኖሮ ግን እንዲህ ደፍሬ አላወራም ነበር። ደግሞም ዋጋ የለውም የሚለው ዳኛ እንጂ እርስዎ አይደሉም።

እኔን የሚያሰጋኝ ነጋዴዎቹ ናቸው። ነጋዴ የማንም ንብረት አይደለም፤ ወደፈለገው ሂሳብ ሠራተኛ ይሄዳል። ነገር ግን ደመወዝ እየበሉ ዋጋ መደራደር፣ ማታ ማታ መዝገባቸውን በግል መሥራት፣ የፒችትሪ (የሂሳብ መሥሪያ ሶፍትዌር) ባክአፕ በፍላሽ ይዞ መውጣት ሌላ ነገር ነው። የሌላውን የንግድ መረጃ ያለ ፈቃድ መጠቀም በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ያልተገባ ውድድር ነው። እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ መልስዎ «ገና አለቃዬ ቢሮ ነኝ» ይሁን። ቢሮዎ ሲከፈት ራሳቸው ይመጣሉ። መዝገባቸውንም ከድሮው ቢሮ ራሳቸው ይጠይቁ።

ንግድ ፈቃድ ሳያወጡ አይጀምሩ። ኦዲት አድርገው ሪፖርት ላይ ለመፈረም ካሰቡ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት በኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ መመዝገብ አለብዎት። ስለ ግብሩ አልነግርዎትም፤ ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል።

ክሊራንስ (የንብረት ርክክብ ቅጽ) ሲሞሉ ኮምፒውተሩን፣ የይለፍ ቃሎቹንና የደንበኞቹን ፋይል ማስረከብዎ አንድ በአንድ ይጻፍ። ቅጂውን ቤትዎ ያስቀምጡ።