ስትገለበጥ ቤቱ ይዞርባታል

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ አልጋ ላይ ወደ ቀኝ ስትገለበጥ ቤቱ ይዞርባታል፣ ትንሽ ቆይቶ ይተዋታል። እሷ ግፊት ነው ትላለች፣ ብንለካው ግን ደህና ነው። የሥራ ባልደረባዬ ካይሮፕራክተር (አከርካሪና መገጣጠሚያን በእጅ የሚያክም ባለሙያ) ጋ ውሰጃት፣ ጭንቅላቷን አዟዙሮ ያድናታል አለችኝ። አንገቷን ቋ ሊያደርጉት ነው? ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ መፍራትሽ ልክ ነው። ግን ጭንቅላትን አዟዙሮ ማከምና አንገትን ቋ ማድረግ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የጻፍሽው ከጆሮ የሚመጣውን ማዞር በጣም ይመስላል። ውስጠኛው ጆሯችን ውስጥ ሚዛን የሚጠብቁ የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች አሉ፣ በጣም ደቃቅ ናቸው። አንዳንዴ በዕድሜ ወይም ጭንቅላት ሲመታ ይላቀቁና ፈሳሽ ወዳለባቸው ጠማማ ቱቦዎች ይገባሉ። እናትሽ ሲገለበጡ ቅንጣቶቹ ይንከባለላሉ፣ ፈሳሹን ይገፉታል፣ አንጎልም እየዞርን ነው ብሎ ያምናል። ቅንጣቶቹ ሲረጉ ማዞሩ ይቆማል፣ ብዙ ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የማዞር ክኒን ቅንጣቶቹን ወደ ቦታቸው አይመልስም።

መጀመሪያ ምርመራው ይቅደም። ባለሙያው ጭንቅላታቸውን 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ አዙሮ ቶሎ በጀርባቸው ያስተኛቸዋል፣ ጭንቅላታቸው ከአልጋው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ብሎ። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ማዞሩ ይነሳል፣ የዓይናቸው ብሌንም ሳያዙት ይንቀጠቀጣል። ባለሙያው የሚያየው ይህንን ነው፣ የትኛው ጆሮ እንደሆነ የሚነግረውም እሱ ነው። ዓይናቸውን ሳያይ ልጀምር የሚል ባለሙያ ካጋጠመሽ እናትሽን ይዘሽ ውጪ።

ሕክምናው ኤፕሊ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ስለ ዘዴው በጻፈው በአሜሪካዊው የጆሮ ሐኪም በጆን ኤፕሊ ስም። እንደተኙ ጭንቅላታቸው ቀስ ብሎ ወደ ግራ 90 ዲግሪ ይዞራል፣ ከዚያ አፍንጫቸው ወደ ወለሉ እስኪያይ ድረስ በግራ ጎናቸው ይገለበጣሉ፣ በመጨረሻ ተነሥተው ይቀመጣሉ። በየደረጃው 30 ሰከንድ ያህል፣ ወይም ማዞሩ እስኪቆም ይጠበቃል። በጉልበት የሚደረግ ነገር የለውም። ቅንጣቶቹ በራሳቸው ክብደት ተንሸራተው ከቱቦው ይወጣሉ፣ ብዙ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ቀጠሮ ይሻለዋል። አንዳንዴ ከወራት በኋላ ሊመለስ ይችላል፣ ያኔም ያው ይደገማል።

ይህን ካይሮፕራክተርም፣ ፊዚዮቴራፒስትም፣ የጆሮ ሐኪምም ይሠራዋል። አንገትን በድንገት ጠምዝዞ ቋ ማድረግ ግን ቅንጣቶቹን ከቱቦው አያወጣም። ይባስ ብሎ አንገት ውስጥ ያለ የደም ሥር ተቀዶ ከሆነ እሱም ማዞር ያመጣል፣ እንዲህ ያለውን አንገት መጠምዘዝ ደግሞ አደጋ ነው። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዢ ኤፕሊ ብቻ ነው የምንፈልገው በይ። አዲስ የአንገት ሕመም ካላቸው መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው። ንግግር ከተኮላተፈ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ወይም መራመድ ካቃታቸው ቀጠሮ የለም፣ 911 ደውዪ።

አብረሽ ግቢ። በእኛ አማርኛ ራሴን አዞረኝ ማለት ሲርበንም ሲደክመንም ነው፣ ስለዚህ ስታስተረጉሚ ቤቱ ራሱ ነው የሚሽከረከርባት ብለሽ ለይተሽ ተናገሪ። ለእሳቸውም አስቀድመሽ ንገሪያቸው፦ ሲያስተኟቸው ያው ማዞር ይነሳል፣ ሊያቅለሸልሻቸውም ይችላል፣ ደንግጠው እንዳይነሡ። እጃቸውን ያዢላቸው።