መልስ፦ ዋዮሚንግ ውስጥ የታሰረ ሰው እንዴት ይገኛል?

እህቴ፣ ትራክ የሚነዳው ወንድምሽ ዋዮሚንግ ውስጥ ተይዞ የት እንደታሰረ አላወቅንም ብለሻል። አይዞሽ፣ ይገኛል።

መጀመሪያ የተያዘበትን ካውንቲ (የክፍለ ግዛቱን ወረዳ) እወቂ። እስር ቤቱን የሚያስተዳድረው የካውንቲው ሸሪፍ (የፖሊስ ኃላፊ) ነው። የተያዘው ኢንተርስቴት 80 አውራ ጎዳና ላይ ከሆነ፣ ሮሊንስ አካባቢ ካርበን ካውንቲ ነው፤ ሮክ ስፕሪንግስ አካባቢ ደግሞ ስዊትዋተር። አንዳንዱ ሸሪፍ የእስረኞቹን ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ካላገኘሽው በቀጥታ ወደ እስር ቤቱ ደውዪ። ሌሊትም ቢሆን ተረኛ አይጠፋም።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ስሙ ላይ ነው። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ በስንት ዓይነት ይጻፋል! መንጃ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፊ። ካልመጣ በአባቱ ስም ብቻ ፈልጊ፣ ከዚያ በአያቱ። የትውልድ ቀኑንም አዘጋጂ፣ ይጠይቁሻል። ገና ከተያዘ ምዝገባው እስኪያልቅ ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችል ደግመሽ እዪ።

የእስረኛ ፎቶ ለጥፈው ገንዘብ ለሚጠይቁ ድረ ገጾች ሳንቲም እንዳትከፍዪ። ሲደውልልሽ ደግሞ ስለ ክሱ አታውሩ፣ የእስር ቤት ስልክ ይቀዳል። የአሜሪካ ዜጋ ካልሆነ፣ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያናግር።