ትልቅ ጎማ እንግጠም ለምትሉኝ

የአውሮፕላን ጥገና የምትማሩ ልጆቼ፣ ባሕር ዳር ባገኘኋችሁ ቁጥር የምታነሡት ጥያቄ አንድ ሆኗል። በአላስካ ወንዝ ዳር፣ ድንጋይ ላይ የሚያርፉትን ባለ ግዙፍ ጎማ ትንንሽ አውሮፕላኖች በቪዲዮ አይታችሁ «እኛስ ለገጠር ማረፊያ ለምን አንገጥምም?» ትላላችሁ። ጥያቄው መልካም ነው፤ የማይጥመኝ ችኮላው ነው።

ለጎማው የሚገባውን ምስጋና አልነፍገውም። ጎማ መሬቱን የሚጫነው በውስጡ ባለው ግፊት ልክ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት የለውም። ግፊቱ በግማሽ ሲቀንስ ያንኑ ክብደት የሚሸከመው ገጽ እጥፍ ይሆናል፤ ለስላሳ አፈር ላይ አይሰምጥም፣ ድንጋይ ሲያገኝም እሱ ይጎብጣል እንጂ ምቱን ወደ እግሩ አያሳልፍም። ሴስና 206 ለተባለው ትንሽ አውሮፕላን ከተለመደው 6.00-6 ጎማ ሌላ 8.00-6 የተባለው ሰፊ ጎማ በአማራጭነት የቀረበውም ለዚሁ ነው።

ነገር ግን የኋላዎቹን ብቻ አሳድጋችሁ የአፍንጫውን ከተዋችሁ አውሮፕላኑ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ፕሮፔለሩም ጠጠሩን ይቀርባል። እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በነበረው የአሜሪካ ደንብ የአፍንጫ ጎማ ያለው ትንሽ አውሮፕላን ፕሮፔለር ከመሬት ቢያንስ 18 ሴንቲ ሜትር መራቅ ነበረበት። በእኛ አካባቢ ጥቁር ድንጋይ በሞላበት ሜዳ እኔ ከዚያም በላይ ብትተዉለት እወዳለሁ።

ከሁሉ የሚረሳው ፍሬኑ ነው። ፍሬኑ ሳይቀየር የጎማው ዲያሜትር በሩብ ቢጨምር፣ መሬት ላይ የሚደርሰው የማቆም ኃይል በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል። ይህን በባሕር ዳር አየር አስቡት። ከተማችን ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ይበልጥ ስለሚሳሳ ሞተሩና ክንፉ 2,700 ሜትር ላይ ያሉ ያህል ይሆናሉ። ነፋስ በሌለበት ቀን አብራሪው የፍጥነት መለኪያው ላይ የለመደውን ቁጥር እያየ ቢያርፍ፣ መለኪያው በሳሳ አየር ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ መሬቱን የሚነካበት ፍጥነት በባሕር ወለል ከፍታ ካለ ሜዳ 14 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ ፍሬኑ ሊያበርደው የሚገባው ጉልበት ደግሞ 30 በመቶ ያህል። ፍሬኑን ያደከማችሁት እንግዲህ ሥራው በበዛበት ቦታ ነው።

መነሣቱ ይብሳል። ትልቅ ጎማ አብራሪውን ሊወጣበት ወደማይችል ሜዳ ሊያስገባው ይችላል፤ ለማረፍ ይረዳል እንጂ ለሳሳው አየር ጉልበት አይጨምርም። እንዲያውም ክብደቱና የአየር መጎተቱ ከመውጣት አቅሙ ላይ ይቀንሳሉ። ስለዚህ ሜዳ ስትመርጡ ርዝመቱን የምትለኩት ለመነሻ ነው፤ ያውም ለቀትር ሙቀት፣ ጭነቱ ሙሉ ሆኖ።

ስለ ዋልካ መሬት ደግሞ ለፎገራ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በክረምት ዋልካ ጎማው ላይ ይለጠፋል፣ በጎማውና በሹካው መካከል ይጠቀጠቃል፣ መንኮራኩሩንም ያስራል። የጎማ ሽፋን ካለው አውልቁት፤ ግን ሽፋን አውልቆም ሆነ ጎማ አሳድጎ ሐምሌ ላይ ዋልካ የሚሻገር አውሮፕላን እኔ አላውቅም። እስኪደርቅ መጠበቅ ነው፤ ሲደርቅም ስንጥቁን በእግር ዞሮ ማየት።

ወረቀቱን እንደ ቢሮክራሲ አትዩት። ለዚያ አውሮፕላን ዓይነት የጸደቀ የማሻሻያ ሰነድ ከሌለ፣ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ካልተቀበለው፣ ክብደቱና ሚዛኑ እንደገና ተሠርቶ በመዝገቡ ካልሰፈረ አትግጠሙ።

የመኪና ጎሚስታ ልምድ ይዛችሁ የምትመጡም አላችሁ፤ እጃችሁ የተፍታታ ስለሆነ እወዳችኋለሁ። ሆኖም የእነዚህ ትንንሽ አውሮፕላኖች ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ በብሎን የተያያዘ ሁለት ግማሽ ነው። አየሩ ሳይወጣ ብሎኑን የፈታ ሰው ቸርኬው ፊቱ ላይ ሊፈነዳበት ይችላል። መጀመሪያ አየሩን አውጡ፣ የቫልቩን እምብርት ንቀሉ፣ ከዚያ በኋላ ቁልፍ አንሡ።